ከግሉኮስ ቱቦ የተሠራ ሚዛን

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔ ውሃ እጥዳለሁ፤ አማቴ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ የባለቤቴ ወንድም ግቢው ውስጥ የቆመውን ሞተር ሳይክል ያስነሳል። ሞተሩ የባለቤቴ ነበር። አሁን የሚነዳው የለም፤ ቆሞ እንዳይበላሽ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይሠራል። ድምፁ ያነክሳል። ሁለቴ ጠንከር ብሎ ይመታል፣ አንዴ ይዘገያል፣ ከዚያ የዘገየበትን ለማካካስ ይጣደፋል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ይሄኔ አማቴ ከክፍላቸው ይጮኻሉ፦

«ጫማህን አውልቅ!»

ባለቤቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። አማቴ የዘነጉት ነገር የለም። ቁርስ ላይ ሲቀመጡ «አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ባለቤቴ ጭቃ ይዞ የሚገባ ሰው ነበር። ሞተሩ ገና ከመታጠፊያው ሲሰማ እናቱ ይህንኑ ይሉት ነበር፤ ያወለቀበትን ቀን አላስታውስም። ወንድሙ ድምፁን ላስተካክልልህ ብሎ ስንቴ ለምኖታል። «ተወው፣ በር ያስከፍትልኛል» ይል ነበር።

ወንድሙን ሰፈሩ «ጆሮው» ይለዋል። ጋራዡ ከግቢያችን በር አጠገብ ነው። ባለሁለት ካርቡሬተር ሞተር ሲመጣለት ረጅሙን ካቻቪቴ ያወጣና ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ሁለቱ ካርቡሬተሮች አየርና ነዳጅ እኩል ካልሳቡ አንደኛው ወገን ይለፋል፣ ሌላው ይጎተታል፤ ሞተሩም ይንዘፈዘፋል። ጆሮው የትኛው ሰነፍ እንደሆነ በመስማት ብቻ ይለይ ነበር። ነበር ያልኩት አውቄ ነው። ካቻቪቴውን ከግራ ጆሮው ወደ ቀኙ ካዛወረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሁን ቀኙም እየደከመ ነው። እሱ ለማንም አልተናገረም፤ እኛም እንዳላወቅን ሆንን። ደንበኞቹ ግን አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደዋል።

ረቡዕ ዕለት ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

«ቲቸር፣ ጉድ ፈላ» አለኝ። ኬሚስትሪ ስለማስተምር ነው ቲቸር የሚለኝ። «የመልእክት ድርጅቱ ስድስት ሞተር ሊሰጠኝ ነው፤ ሁሉም ባለሁለት ካርቡሬተር። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የስምሪት ኃላፊው ያስተካከልኩትን አንድ ሞተር ሊያይ ይመጣል።»

«ካልወደደውስ?»

«ካልወደደውማ ጋራዡን ዘግቼ ሌላ ከተማ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት።»

«የሰማሁትን ነው የምትነግረኝ?» አሉ አማቴ ከበስተኋላው። እሳቸው ጆሯቸው ደህና ነው።

የሚያሳየው ባለሁለት ካርቡሬተር ሞተር አንድ ብቻ ነበረው። የወንድሙ።

ከሰዓቱን ሙሉ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ ተክሎ ዋለ። አመሻሽ ላይ ጠራንና የውሃ ብርጭቆ የሞተሩ ነዳጅ ታንከር ላይ አስቀመጠ። «እዩት! እንደ ጨርቅ ለስልሷል!» አለ። ብርጭቆው ሦስት ጊዜ ዘሎ ወደቀና ተሰበረ።

«ብርጭቆው ነው» አለ። «ታቹ ሸካራ ነው።»

«ሁለተኛውን ብርጭቆ ከቤቴ ታወጣና ታያለህ!» አሉት እናቱ።

በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ ዩ ቅርጽ ያለው ቱቦ ስስል ነገሩ ገባኝ። ቱቦው መሐል ላይ ፈሳሽ ይኖራል። አንዱን ጫፍ በአንደኛው ካርቡሬተር የአየር መሳቢያ ቀዳዳ፣ ሌላውን በሌላኛው ላይ ብንሰካ፣ ፈሳሹ ወደሚበረታው ወገን ይወጣል። እኩል ከሳቡ እኩል ይቆማል። ለዚህ ጆሮ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

ቱቦውን ከቁም ሣጥኔ አወጣሁት። የግሉኮስ ቱቦ ነው፤ ከባለቤቴ ሕመም የተረፉ ሁለት ያልተከፈቱ እሽጎች ነበሩኝ።

«ቲቸር፣ ሞተሩ በሽተኛ መሰለሽ እንዴ?» አለና ሳቀ ጆሮው። ከዚያ እሽጉን አየና ሳቁን አቆመ። ተቀብሎኝ እሱው ቀደደው።

ሰሌዳ አጣን። አማቴ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛቸውን አምጥተው በቁሙ አቆሙት፤ ቱቦውን ጀርባው ላይ በፕላስተር ለጠፍነው። ውሃ ብንጨምርበት አይታይም። አማቴ ገቡና ቀይ ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ።

«የሳል ሽሮፔ ነው። ወፍራምም ነው፣ ቀይም ነው። እኔን እንደሆን አልጠቀመኝም።»

በትምህርቴ የምኮራ ሰው ነኝ፤ ግን ሽሮፑ አሳማኝ መሰለኝ። ጆሮው ሞተሩን አስነሳ። ሽሮፑ ቱቦው ውስጥ ጨፈረ፣ ዘለለ፤ ከዚያ የቀኙ ካርቡሬተር በአንድ ጉንጭ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ሞተሩ አሳለው። እያጋነንኩ አይደለም፤ እንደ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አሳለና በማርሚታው ነጭ ጭስ ተፍቶ ቆመ። ግቢው ከረሜላ ከረሜላ ሸተተ።

«ይኸው!» አሉ አማቴ፣ ዓይናቸው በደስታ እያበራ። «መድኃኒቱን አትጨርሽም፣ አትጨርሽም እያላችሁ ነበር የምትጨቀጭቁኝ። እሱም ጠጥቶት ባሰበት!»

ዓርብ ሙሉውን ካርቡሬተር በማጠብ አለቀ። ጆሮው ከእኔ ጋር አልተነጋገረም፤ ከሞተሩ ጋር ግን ተነጋግሯል፣ የሚጻፍ አይደለም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስህተቴን አሰብኩበት። ፈሳሹ ሲጠጣ የማይጎዳ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የሞተር ዘይት። ሞተሩ ሲተነፍስ እንዳይዘልም የቱቦው መንገድ መጥበብ አለበት። ማጥበቢያው እዚያው ቱቦው ላይ ነበር፤ ነርሶች ጠብታውን የሚያዘገዩባት ነጭ ትንሽ ጎማ። በአውራ ጣት እንዴት እንደምትዞር አውቃለሁ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰለፍን። አማቴ መተኮሻ ጠረጴዛውን አቅፈው ቆሙ። ጆሮው ካቻቪቴውን ማስተካከያው ብሎን ላይ ይዞ ተንበረከከ። እኔ ዘይቱን አያለሁ። ብናገር ሞተሩ ድምፄን ይውጠዋል፤ ብጮህ ሰፈሩ ይሰማል። ስለዚህ በጣት ተስማማን፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲሆን ጨምር፣ ወደ ታች ሲሆን ቀንስ፣ መዳፍ ሲሆን በቃ።

ሞተሩ ተነሳ። ዘይቱ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ወጣና በአንድ ስንዝር ተበላለጠ። ጆሮው ብሎኑን ሲያዞር ልዩነቱ አራት ጣት ሆነ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ማንከሱ እየቀለለ መጣ። አንድ ጣት ላይ ሲደርስ መዳፌን ባነሳ የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ አሁንም ትንሽ ያነክስ ነበር። ጆሮው ከታች ቀና ብሎ እያየኝ ነው። ሰዓቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ ነበር።

አውራ ጣቴን ወደ ላይ አደረግሁ። ሩብ ዙር ጨመረ። ዘይቱ እኩል ቆመ፤ መዳፌን አነሳሁ።

ኃላፊው ቀጭን፣ የማይስቅ ሰው ነበር። ራሱ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ አስመጥቶ ታንከሩ ላይ አኖረ። አማቴ ብርጭቆዋን እንጂ ሰውዬውን አላዩም። ውሃው ምንም አልሆነም።

«በምን አስተካከልከው?»

«በጆሮዬ ነዋ!» አለ ጆሮው፣ ምንም ሳያፍር።

ኃላፊው አሁንም ጠረጴዛቸውን አቅፈው ወደቆሙት አማቴ ዞረ። ጥቁር ዘይት የሞላው ቱቦ ተንጠልጥሏል።

«ይሄስ ምንድነው እማማ?»

«ልብስ ልተኩስ ነው።»

«በዘይት?»

«የምለብሰው እኔ ነኝ። አንተን ምን አገባህ?»

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ስድስቱን ሞተሮች ከሰኞ ጀምሮ እንደሚልክ ተናግሮ ሄደ። ጆሮው በሩን ዘግቶ እናቱን ከነጠረጴዛቸው ተሸክሞ ግቢውን ዞረ። «አውርደኝ! አውርደኝ፣ ዘይቱ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ከዚያ እኔ ጋ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ቲቸር፣ ሚዛኗ ጋራዥ ውስጥ ብትቀመጥስ? ከመጋረጃ ጀርባ።»

«ጣቴ የሚያስፈልግህ ጊዜ ጥራኝ» አልኩት።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውሃ ጣድኩ። አማቴ ሬዲዮ ከፈቱ። ጆሮው ሞተሩን አስነሳ፤ ድምፁ ወጥ ሆኖ፣ ሳይሰናከል ቀጠለ። ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ። ማንቆርቆሪያውን ያዝ አድርጌ ጠበቅሁ። አምስቱ ደቂቃ አለቀና ሞተሩ ጠፋ።

አማቴ ዘግይተው ወጡና በሩ አጠገብ ወለሉን አዩ። «ዛሬ አላስነሳኸውም እንዴ?» አሉ።

«አስነሳሁት እኮ እማዬ፤ አልሰማሽም?»

«እ» አሉና ተቀመጡ። ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋቸው።

ጋራዡ ክፍት ነው፤ ስድስቱም ሞተሮች እየመጡ ይሄዳሉ። ጠዋት ጠዋት ግን ጫማህን አውልቅ የሚል የለም።