የግራኝ ቋጠሮ

ከእንግዲህ ለዚች ልጅ እህል ይወርድላት ይሆን? እማማ ሂም የኮመጠጠውን የዓሣ ሾርባ እያማሰሉ ደጋግመው ጠየቁ፤ መልሱን ግን ከድስቱ ውስጥ አላገኙትም።

የልጅ ልጃቸው ኩንቲያ ከጎህ ጀምራ ሜኮንግ ወንዝ ዳር ናት። ከዩኒቨርሲቲው ዶክተርና ከተማሪ ጓደኞቿ ጋር ሆና፣ ምን እንደገደላት ለማወቅ የሞተችውን ዶልፊን ሆድ ትከፍታለች። ገና ግልገል ሳለች ያየቻት፣ በተሸረፈ ክንፏ ከሩቅ የምትለያት፣ ለመመረቂያ ጥናቷ ብላ በጀልባ ስትከተላት የኖረችው ያቺው ናት። እስከ ዛሬ ነክታት አታውቅም። ዛሬ ነካቻት፤ በቢላዋ።

የእንጨቱ ደረጃ ተንቋቋ፤ ኩንቲያ ገባች።

"የዓሣ ሐኪሟ መጣች!" አለ ልጃቸው ፊያሩን ምንጣፉ ላይ እንደተጋደመ። "እህሳ፣ በሽተኛሽ ዳነች?"

ሌላ ቀን ቢሆን "ዓሣ አይደለችም፣ ስንቴ ልንገርህ፣ አጎቴ!" ትለው ነበር። ዛሬ አልፋው ሄዳ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።

"እጅሽን በሎሚ ታጠቢ፣ የኔ እናት። ትንሽ ሾርባ ብቻ ቅመሺ" አሉ እማማ ሂም። "መነኮሳቱስ ጸሎት አደረሱላት?"

"አደረሱ።" ከኪሷ የላስቲክ ከረጢት አወጣች። "ይኼ ጅራቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። መረብ ይዟት፣ ወጥታ መተንፈስ አቅቷት ነው የሞተችው፣ እማማ።"

የአረንጓዴ ናይለን መረብ ቁራጭ ነው፤ መሃሉ ላይ የተጠገነ ቀዳዳ አለው። እማማ ሂም ማየት አልፈለጉም፤ ጣቶቻቸው ግን አወቁት። ግራኝ ናቸውና ቋጠሯቸው ወደ ግራ ሁለቴ ይዞራል። በመንደሩ እንዲያ የሚቋጥር ሌላ ሰው የለም። ኩንቲያም ይህን ታውቃለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ እሳቸው መረብ ሲጠግኑ ጫፉን በእግር ጣቷ ወጥራ እየያዘች ነው ያደገችው።

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ይህን መረብ ስጠግንልህ ለሩዙ ማሳ ቦይ ነው አላልከኝም?"

ፊያሩን ተነሥቶ ተቀመጠ። "ቦዩ ደረቀ፣ እማዬ። ዓሣ የቀረው መረብ በተከለከለበት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። እሷ ትገባበታለች ብዬ መች አሰብኩ? ልጆቼን ምን ላብላቸው? ጥናት?"

"ዶክተሩ አይቶታል?" አሉ አሮጊቷ።

"አላየም። ከጅራቷ የፈታሁት እኔ ነኝ። ሪፖርቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እሳቱ ያውልሽ!" ወደ ምድጃው ጠቆሙ። "ያስሩታል፣ ልጄ። ልጆቹን ማን ያሳድግለታል? በሽታ ነው በይ። በሽታን ማን ይከሰዋል?"

"በሽታ ነው ካልኩ መድኃኒት ሲፈልጉ ይከርማሉ። መረብ የሚፈልግ አይኖርም፤ የቀሩት ዶልፊኖችም በዚሁ ያልቃሉ። ደግሞ እጄ ውሸት መጻፍ አልለመደም፣ እማማ። እንዲህ አድርገው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት።"

"እሷ ሞታለች! እሱ ግን ይኸው አለ!"

ኩንቲያ አጎቷን አየችው። ዋና ያስተማራት እሱ ነው፤ በዚያው ጥልቅ ውሃ፣ ሆዷን በመዳፉ ደግፎ። ፊያሩን አንገቱን ደፋ።

ሾርባዋን ሳትነካ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የጥናት ቡድኑን ሰማያዊ ሸሚዝ አውልቃ የቤት ቀሚሷን ለብሳ የልብስ ሻንጣ ይዛለች። ሸሚዙን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ፣ ደረቱ ላይ ያለችው ዶልፊን ወደ ላይ እንድትሆን አድርጋ በሥርዓት አጠፈችው። ከረጢቱን ከነመረቡ በላዩ አኖረችና ሁለቱንም ወደ አያቷ ጉልበት አስጠጋች።

"ምንድን ነው ይኼ? ሥራሽስ?" አሉ እማማ ሂም። "ያን ሁሉ የደከምሽበት ትምህርት... ቆይ እንጂ ልጄ፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል..."

ልጅቷ የልብስ ሻንጣዋን አንሥታ ደረጃውን ወረደች። ዶክተሩ ወደሚጠብቃት ወንዝ አልታጠፈችም፤ አውቶቡስ ወደሚቆምበት አቧራማ መንገድ አቀናች፣ እውነቱንም ውሸቱንም ሳትጽፍ።