ባለ ሦስት ስለቷ ሰንጢ

ሰው ሲያያት ይስቅባታል። እጀታዋ አጥንት የሚመስል ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ጠርዝ ጠርዙ ተሸራርፏል። ብረቷም የማይዝግ ከሚባለው ዓይነት አይደለም፤ እርጥብ እጅ ከነካት ወዲያው ትጠቁራለች። ዋጋዋ ከአንድ ደህና ምሳ አይበልጥም። እኔ ግን ከቤትሽ ዕቃ አንዱን ብቻ ያዢ ብባል ዓይኔን ሳላሽ እሷን ነው የማነሳው። ቁም ሳጥኑን ውሰዱት፣ ቴሌቪዥኑንም ውሰዱት፤ ድሮስ ከማስደንገጥ በቀር ምን ፈየደልኝ።

እኔና ባለቤቴ ሥራችን ሶፋ ማልበስ ነበር። ሰንጢዋ ሦስት ስለት አላት፤ ሦስቱም ታጥፈው እጀታው ውስጥ ይገባሉ። ትልቁ ጫፉ ሹል ነው፤ ቆዳና ስፖንጅ የሚቆረጠው በሱ ስለሆነ የባለቤቴ ነበር። ሁለተኛው አፉ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ደነዝ ነው፤ ክር ሲቆርጡበት ጨርቁን አይወጋም፤ እሱ የእኔ ነበር። ትንሹ ግን ሥራ አይነካም። ሙጫ የነካ ብረት አፌ አይገባም ብሎ ባለቤቴ ለፍራፍሬ ብቻ ለይቶት ነበር። ሌላም ሕግ ነበረው፤ ሰንጢ ተከፍቶ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። ቆዳውን ቆርጦ ሲጨርስ ጠቅ አድርጎ ይዘጋና በሶፋው ላይ አሻግሮ ይሰጠኛል፤ እኔም ክሬን ቆርጬ ጠቅ አድርጌ እመልስለታለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስንቀባበል እንውል ነበር። አንድ ቀን ሰልችቶኝ ሌላ እንግዛ፣ ርካሽ አይደለች እንዴ ብለው፣ “ከዚያ በምን ልንነጋገር ነው?” አለኝ። ወሬ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር ሰውዬው።

ከመሳል ብዛት የሱም የእኔም ስለት ቀጥነው ወገባቸው ገብቷል። ትንሹ ብቻ እንደተገዛ አለ። ይህች ርካሽ ብረት አንድ ትልቅ ጸጋ አላት፤ ሞረድ ላይ ስትሄድ አታስቸግርም። ሁለት ሦስቴ ደባበስ ሲያደርጓት አፏ ይመለሳል። እነዚያ በሳጥን የሚሸጡት ውድ ውዶቹ አንዴ ከደነዙ ደነዙ ነው፤ እንደ ኩሩ ሰው ምን ቢለማመጧቸው አይመለሱም።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሱቁን ለቀቅኩና የወንበር ትራስ እያለበስኩ ቤቴ ተቀመጥኩ። ልጅ አልወለድንም። አንዳንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ድምፄ ሻክሮ ሲወጣ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል እንዳልተናገርኩ ትዝ የሚለኝ። ማታ ማታ ደግሞ ይብሳል። ለማንም አልናገርም፤ ለማን ይነገራል ደግሞ?

እሑድ ግን ዋርሳዬ ይመጣል። የባለቤቴ ታናሽ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ፀጉሩ ከእኔ ይልቅ ነጥቶ እንኳ ዛሬም እትዬ ነው የሚለኝ። ብርቱካን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፣ ሰንጢዋን ተቀብሎ በትንሹ ስለት ይልጣል። እንደ ወንድሙ አይደለም፣ ምላሱ አይታጠፍም። መቼም ያላሳፈረው ተሳፋሪ የለም፤ ፍየል ያሳፈረበትን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። አቦ ይህችን እንኳ ቀይራት እለዋለሁ፤ እሱ ግን ፍየሏን ራሷን አይለቃትም። ሲሄድ ልጣጩን ወዲያው አልጥለውም። የሰው ሽታ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው።

አንድ እሑድ መጥቶ ፍየሏን ሳያነሳ ተቀመጠ። ብርቱካኑን ልጦ አልበላውም። ሰንጢዋን ዘጋት፣ ከፈታት፣ ደግሞ ዘጋት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ “እትዬ፣ ይህችን ሰንጢ ብትሰጪኝ” አለ።

ደሜ ፈላ። ወንድሙ ሲቀበር አንድ ነገር ያልጠየቀ ሰው፣ አሁን ተነስቶ የምሠራበትን! ደግሞ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ይህ ሰው እሑድ እሑድ የሚመጣው ለእኔ ብሎ አይደለም፣ የወንድሙን ሰንጢ ሊጨብጥ ነው፤ ከሰጠሁት ብርቱካኑን እቤቱ እየላጠ ይቀራል አልኩ። አሁን ሳስበው ያንገበገበኝ ሰንጢዋ አልነበረችም፤ መቅረቱ ነበር። እሱን ግን አፍ አውጥቼ አልነገርኩትም። ይልቅ ከእጁ መንጭቄ፣ ወንድምህ ለእኔ ነው የተዋት፣ ከፈለግህ ከገበያ ሞልቷል አልኩት። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እኔ ግን ዕድል ነፍጌው ወጥ ቤት ገባሁና ሰሃን ማንኳኳት ጀመርኩ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ያኩርፋ፣ ራሱ ያውቃል አልኩ። በሌላውም እሑድ አልመጣም። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ የትራስ ደንበኛ ነው። ሰንጢዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ይኸው አንቺን አስቀረሁ፣ እስቲ ፍየሏን አውሪኝ እላታለሁ። ሰው ቢሰማኝ ለየላት ይል ነበር።

በመጨረሻ ቆርጬ ገበያ ሄድኩ። ከቁልፍና ከባትሪ ድንጋይ መካከል፣ አቧራ ለብሳ፣ ያችው ናት! ያው አጥንት መሳይ እጀታ፣ ያው ሦስት ስለት። ሻጩ የተሻለ አለ፣ ይህቺ የድሮ ናት አለኝ። የድሮዋን ነው የምፈልገው አልኩት። ቤት ወስጄ ማጠፊያዋን ዘይት አጠጣሁ፣ ሦስቱንም አፍ በሞረድ አወጣሁላቸው። አዲስ ሰንጢ ግትር ነው፤ ጥፍሬን ነቀለችው ማለት ይቻላል። ስትለሰልስልኝ ግን አምላኬ፣ ምን ጎደላት? ምንም። ወረቀት ላይ ብትሄድ ድምፅ የላትም።

መጀመሪያ ያሰብኩት አዲሷን ልሰጠው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አሰብኩ። አሮጊቷን ይዤ ሰውየውን ላጣ? ብረት ብርቱካን አብሮ አይበላ! አሮጊቷ የሱ ትሁን፣ እሱ ብቻ ይምጣልኝ አልኩ። አንጀቴ እያረረ በጨርቅ ጠቀለልኳትና፣ ሁለቱንም ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ወደ ቤቱ ሄድኩ።

በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ደነገጠ። እኔም ሰላም ሳልል ጥቅሉን እጁ ላይ አስቀመጥኩ። ፈታ፣ አያት፣ ትልቁን ስለት አወጣና ወገቡ የገባበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ በል እንግዲህ እሑድ ይዘሃት ትመጣለህ፣ ብርቱካኑ ከእኔ ነው አልኩት።

ከበሩ ገለል አለልኝ። ያኔ ነው ከጀርባው ያለውን ክፍል ያየሁት። ግድግዳው ባዶ ነው። ፍራሹ ተጠቅልሏል፣ ሻንጣና ካርቶን መሬት ላይ ተደርድሯል።

“ልጄ ና ከእኔ ጋር ኑር ካለች ቆየች” አለ፣ ሰንጢዋን እያየ። “ሩቅ ነው፣ እትዬ። ነገ ነው የምሄደው። ያን ቀን ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። በምን ልጀምር ብዬ ጨነቀኝ፤ የሱን ነገር አንድ ይዤ ልሂድ ብዬ ነው በሷ የጀመርኩት።”

ክው አልኩ። እንደ ጅብራ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። አትሂድ ማለት ፈለግኩ፤ ግን በምን አፌ? ሰው ልጁ ጋ ሲሄድ ምን ተብሎ ይከለከላል? እኔስ ማን ሆኜ? ሳትሰናበተኝ ልትሄድ ነበር ወይ አልኩት። በርሽ ድረስ መጥቼ ሳላንኳኳ የተመለስኩበት ቀን አለ፣ ታመናጭቂኛለሽ ብዬ ፈራሁ አለኝ። እውነቱን ነው፤ አመናጭቀው ነበር።

ከዚያ ሥራሽ በምን ሊሆን ነው ብሎ ሰንጢዋን መልሶ ዘረጋልኝ፤ ዘግቶ ነው የዘረጋልኝ። አዲሷን አውጥቼ አሳየሁት። ገልብጦ አያትና፣ “አይ፣ ይህቺማ እኮ ራሷ ናት” አለ። አሮጊቷን ኪሱ ከተተ።

የፍራሹን ጥቅል አየሁት፤ አስተሳሰሩ እንደ ሾፌር ነው፣ መኪና ላይ ሳይወጣ የሚፈታ። ወዲያ በል አልኩና ተንበርክኬ ፈታሁት፣ እንደገና ጠቀለልኩት፣ በሙያዬ ጥፍር አድርጌ አሰርኩለት። ካርቶኖቹንም አሰርኩ። እሱ ጫፉን እየያዘልኝ ስለ መንገዱ ርዝመት፣ ስለ ልጁ ቤት፣ ለሱ ስላዘጋጀችው ክፍል አወራ፤ እኔም እሰይ፣ እሰይ እያልኩ ሰማሁ።

ትርፉን ገመድ በአዲሷ ቆረጥኩት። አንዴ ብቻ ነካሁት፣ ለሁለት ሄደ። ጥሩ አድርጌ ነበር የሳልኳት።