በፕላስተር የታሸገ ጆሮ

«ወይ አስተካክሉልኝ፣ ወይ ውሰዱልኝ!»

ጌታነሽ የጆሮ ማሽኑን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ማኖር ይባል እንጂ መወርወር ነበር። ለክትትል ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ የመጣችው የጆሮ ባለሙያ ፀደንያ ደንግጣ ቀና አለች። ከበር ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎችም አንገታቸውን አሰገጉ፤ ጆሮው የከበደ ሰው ሲናገር ጮክ ብሎ ነውና የጌታነሽ ቁጣ ግቢውን ሞልቶት ነበር።

«ምን ሆነብዎት እማማ? አይሰማም?»

ጌታነሽ የልጅቷን ከንፈር አይታ ገባት። «ይሰማል እንጂ! መች አይሰማም አልኩ? ነፋሱ ይሰማል፣ በሬው ይሰማል፣ የራሴ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ይመታል። የማይሰማው የሰው ነገር ነው። ሰው አፉን ከፍቶ ሲዘጋ አያለሁ፤ የሚወጣው ግን ጉም ነው።»

ማሽኑን ያገኘችው ዓምና፣ በጎ አድራጊዎች መጥተው ድንኳን የተከሉ ጊዜ ነው። የሚገጥመው ሰውዬ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጎ እየሰካ፣ «ይሰማል?» ብሎ ይጮህባቸው ነበር። ተጮኾበትማ ማን አይሰማም! ደግሞስ እንግዳ ሰው ስጦታ ይዞ መጥቶ፣ የወረዳው ሹም ቆሞ፣ ካሜራ ተደግኖ፣ «አይ፣ ደስ አላለኝም» የሚል የመንዝ ሰው ከወዴት ይመጣል? «ይሰማል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ» አለች። ከፊቷም ከኋላዋም የነበሩት እንዲሁ አሉ። ሰውዬው ምርቃቱን እንደ ምስክርነት ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ተሻገረ።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ ሊያነጋግራት የፈለገ ሰው ፊት ለፊቷ ይቀመጥ፣ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ቀስ ብሎ ይናገር ነበር። ማሽኑ ከገባላት ወዲህ ግን ከኋላዋ ይጠሯታል፣ ከአጥር ማዶ ያናግሯታል፤ ሳትመልስ ስትቀር ደግሞ «ጆሮ ተሰጥቷት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች» ይሏታል። ትናንት ያዝኑላት የነበሩ ሰዎች ዛሬ ትዕቢተኛ አደረጓት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

ይህም ይቻል ነበር። የማይቻለው ትዕዛዙ የሚባለው ሰው ያደረገው ነው። ትዕዛዙ የሟች ባሏ የአፈወርቅ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ከቤቷ በታች ያለውን የገብስ ማሳ በእኩል ያርስላታል። ባለፈው የማርያም ማኅበር ቀን፣ ቤቱ በጫጫታ ተሞልቶ ሳለ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ረጅም ነገር አወራት። እያወራ ፈገግ ይላል። አንድም ቃል አልገባትም፤ ግን በሰው መሀል «ምን አልክ?» እያሉ ደጋግሞ መጠየቅ ያሳፍራል፤ ፈገግታውም የባሏን ይመስላል። ራሷን ነቀነቀችና «እሺ፣ ይሁን» አለች። በማግሥቱ ትዕዛዙ ማሳውን እንደለቀቀችለት፣ እሱም እስክትሞት ሊጦራት እንደተስማሙ በአገሩ አስወራ። መሬት ለኪዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፤ በእሱ ስም ከተመዘገበ በኋላ ማልቀስ ብቻ ነው። መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጇ እስከዳር ደግሞ በሶዋም ቆሎዋም ከዚያ ማሳ ነው።

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሽምግልና አለብኝ» አለች ጌታነሽ። «ሰምተሽ ነው እሺ ያልሽው ሊሉኝ ነው። ምስክራቸውም ይኸው ማሽን ነው!»

ፀደንያ ማሽኑን አንሥታ ስታገላብጠው ፊቷ ተለወጠ። ጀርባው ላይ የቆዳ መልክ ያለው ፕላስተር ተለጥፎበታል።

«ይኼን ማን ለጠፈው?»

«አብሮት የመጣ ነው። የራሱ ልብስ መስሎኝ!»

ፀደንያ በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ የገብስ ቅንጣት የምታህል መቀየሪያ ብቅ አለች። ወዲያው ወደ በሩ ሄዳ ወረፋ የያዙትን ሰዎች ጆሮ አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ላይ ተለጥፏል። በር ላይ ቆሞ ወረፋ የሚያስይዘው የወረዳው ሰው ትከሻውን ነቀነቀ።

«እንዳይነካኩት ተብሎ ነው እኮ። ገበሬዎች ናቸው፣ ያበላሹታል።»

«ምን አለ?» አለች ጌታነሽ፣ የፀደንያን ፊት አይታ። ልጅቷ ትንሽ አመነታችና ፊት ለፊቷ ቆማ ነገረቻት።

«እኛ ነን የምናበላሸው?» ጌታነሽ ብድግ አለች። «በዚህ እጄ ስንት ግልገል ከእናቱ ሆድ ስቤ አውጥቻለሁ! ይቺን ቅንጣት ነው የማበላሸው? ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አሽጎ ሰው እንዲስቅብኝ ያደረገ እሱ፣ የሚያበላሸው እኔ!»

የወረዳው ሰው ወደ ግቢው ወጣ። ፀደንያ ጌታነሽን አረጋግታ አስቀመጠቻትና ማሽኑን መልሳ ጆሮዋ ላይ ሰካች።

«እማማ፣ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለው። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ቀጭን። ሁለቱንም ያዳምጡና ይንገሩኝ። ይሉኝታ የለም፤ እኔን አያስቀይሙኝም።»

በመጀመሪያ ወፍራሙ ላይ እንዳለ ተወችው። አፏን በወረቀት ማኅደር ጋርዳ አንድ ነገር ተናገረች። ጌታነሽ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«ያምራል» አለች።

«ምን አልኩ?»

«እሱን እንጃ። ድምፅሽ ግን ያምራል።»

ፀደንያ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ መቀየሪያዋን ወደ ላይ ገፋች። ጌታነሽ ከወንበሯ ልትዘል ምንም አልቀራት። ማኅደሩ ሲነካ እሳት እንደያዘው ገለባ ተንጣጣ፤ የጣራው ቆርቆሮ ጮኸ፤ ወፍራሙ፣ ለስላሳው የልጅቷ ድምፅ ቀጥኖ መርፌ ሆነ።

«ኧረ ይኼስ ጆሮ ይበሳል! ምን ዓይነት መዓት ነው!»

ፀደንያ ከማኅደሩ ጀርባ ሆና፣ በዝግታ «ነገ ስመለስ ለእናቴ በግ እገዛላታለሁ» አለች።

«ታዲያ በጉን ግዢላታ! እኔ ምን አገባኝ?» ብላ ጌታነሽ በንዴት መለሰች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። የልጅቷን ከንፈር አላየችም ነበር።

ፀደንያ ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የቱን ይወዳሉ?» አለች ፀደንያ።

«የምወደውማ የፊተኛውን ነው። ይኼማ ጠላት ነው።»

«የሚያሰማዎትስ?»

የጌታነሽ እጅ ወደ ጆሮዋ ሄደ። ፀደንያ ጣቷን ይዛ መቀየሪያዋን አስነካቻት። «ወደ ላይ ቀጭኑ፣ ወደ ታች ወፍራሙ። ለብቻዎ ሲሆኑ፣ ለማኅሌቱ፣ ለከበሮው የሚወዱትን ያድርጉ። ሰው ሲያነጋግርዎት ግን ይኼኛውን። ጆሮዎ እያደር ይለምደዋል።»

«ይቺን ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ፀደንያ አንገቷን ደፋች። የተላጠውን ፕላስተር ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

ሽማግሌዎቹ ከሚካኤል ቅጥር ውጭ ካለው ጥድ ሥር ተቀምጠው ነበር። በማግሥቱ የሚካኤል ክብረ በዓል ስለሆነ ካህናቱ ለዋዜማው እየገቡ ነው። ጌታነሽ ጥግ ላይ ከተዘጋጀላት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ጠጠሩ እየተንቋቋ ራሷን አዙሯታል፤ አሁንም ቄስ ገብረ ክርስቶስ መቋሚያቸውን ድንጋይ ላይ ባሳረፉ ቁጥር ጥርሷ ይፋጫል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ቄሱ። «ትዕዛዙ፣ እስቲ ተናገር።»

ትዕዛዙ ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ። «አባቶቼ፣ እኔ ብዙ አልልም። በማኅበሩ ፊት፣ ጽዋው ባለበት፣ እሺ ብላኛለች። አልሰማሁም እንዳትል ጆሮ ተገጥሞላታል። ይኸው አሁንም አድርጋዋለች።»

ሽማግሌዎቹ ማሽኑን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትዕዛዙ ሲቀመጥ አጠገቡ ወዳሉት ሽማግሌ ወደ አቶ ተገኘ ጎንበስ አለ። ፊቱን ከጌታነሽ አዙሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሷ እንደሁ ምንም አትሰማም፤ እሺ ብላለች በሉና እንጨርሰው» አላቸው።

እያንዳንዷ ቃል እንደ እሾህ ገባች። ጌታነሽ መጀመሪያ ያመማት ድምፁ ይሁን ነገሩ አላወቀችም። ከዚያ ግን ደሟ ፈላ።

«አባ» አለች ተነሥታ፣ «ትዕዛዙ አሁን ለአቶ ተገኘ ያላቸውን ጮክ ብሎ ይድገመው።»

«ምን አልኩ?» አለ ትዕዛዙ።

«እሷ እንደሁ ምንም አትሰማም፤ እሺ ብላለች በሉና እንጨርሰው፣ አልክ።»

 ቄሱ ወደ አቶ ተገኘ ዞሩ። ሽማግሌው መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆይተው «ብሏል» አሉ።

«ምንም እንደማልሰማ ካወቅህ፣ ማኅበር ላይ እሺ ማለቴን ከየት አምጥተህ ውል አደረግኸው?» አለች ጌታነሽ። «ብሰማ እሺ እንደማልል ስለምታውቅ እኮ ነው! ፊቴን እያየህ እየሳቅህ! የወንድምህን ልጅ ከማሳዋ ልትነቅል!»

«ልጄ፣ ረጋ በይ» አሉ ቄሱ። መቋሚያው ድንጋዩን በነካ ጊዜ ፊቷ ሲጨማደድ አይተዋል። «ማሽኑ ካሳመመሽ አውልቂው። የተባለውን እኛ ቀስ ብለን እንነግርሻለን።»

የደግ ሰው ቃል ነበር፤ ጌታነሽም ደግነቱን አውቃለች። «የለም አባ። እስከ ዛሬ የተነገረኝ ይበቃኛል። ሲያመኝም ራሴ ልስማ።» ድንጋይዋን ከጥግ አንከባላ መሀል ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «አሁን ጠይቁኝ።»

«ማሳሽን ለትዕዛዙ ለቀሽለታል?»

«አልለቀቅሁም። የዛሬውን ሰምቼ ነው የምመልሰው። አልለቀቅሁም፣ አልለቅም።»

ቄሱ ዞረው ሽማግሌዎቹን አዩ። የተቃወመ የለም። «እንግዲያስ ለኪዎቹ ሲመጡ ማሳው በጌታነሽ ስም መሆኑን እኔው ቆሜ እናገራለሁ» አሉና ለምርቃት ተነሡ።

ይህን ጊዜ ከቅጥሩ ውስጥ የዋዜማው ከበሮ ተጀመረ። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ጉም መሀል ጌታነሽን ያስደሰታት ድምፅ ቢኖር ከበሮ ነበር፤ ደረቷ ድረስ ይገባላት ነበር። አሁን ግን እንደ ድስት ክዳን ነው የሚንኳኳው። ወደ ወፍራሙ ልትመልሰው ጣቷ ወደ መቀየሪያዋ ሄደ። ትዕዛዙ ከጥዱ ወዲያ ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ ገና ያንሾካሹካል።

ጣቷን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች። የመጨረሻው ሽማግሌ ተሰናብቶ እስኪሄድ ድረስ፣ ክዳኑ እየተንኳኳባት፣ ከድንጋይዋ ሳትነሣ አዳመጠች።