ሦስተኛ ወገን

«ሳቢው እንጂ፣ ዋጌ! ገመዱን ጠበቅ አድርጊና ሳቢው!»

«ስቤ ስቤ መዳፌ ተላጠ እኮ! ይህ ሻንጣ የሚወድቅ ከሆነ እዚሁ ኮልፌ፣ ደጃችን ላይ ይውደቅ። በሰው አገር ጎዳና ላይ የልጄን ቀሚስ ስለቅም አልገኝም።»

መምህር ኃይለ መስቀል በርጩማ ላይ ቆመው በቮልስዋገናቸው ጣሪያ ላይ ከጫኑት ትልቅ ሻንጣ ጋር ይታገሉ ነበር። በሻንጣው ውስጥ ለሙሽራዪቱ የተሠራ የጥበብ ቀሚስ፣ ነጠላና በላይ በላዩ የተቋጠረ በርበሬ አለ። ለሙሽራው የሚሆን ግን ምንም አልነበረበትም። መምህር አላሰቡበትም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋጋነሽም ነገር እንዳይነሣ ብለው ዝም ብለዋል።

ሙሽራዪቱ አንድ ልጃቸው ፅጌ ናት። የአዋላጅነት ትምህርት ለመማር ናይሮቢ ከሄደች ወዲህ ደብዳቤዋ ሳይቋረጥ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ግን ካማው የሚባል የዚያው አገር ተወላጅ፣ ሙያው መምህርነት የሆነ ሰው ሊያገባት እንደሚፈልግ፣ እሷም እንደ ወደደችው ጻፈች። መምህር ኃይለ መስቀል በዚያ ዕለት፣ «ልጄን ለባዳ አልድርም!» አሉ። ቃሉ በማን አፍ ተሻግሮ ናይሮቢ እንደ ደረሰ ባይታወቅም ደረሰ፤ የፅጌም ደብዳቤ ቀጠነ። ካማው ራሱ በጥንቃቄ በተመረጠ እንግሊዝኛ ጽፎ በረከታቸውን ለመናቸው። የተማሪዎቻቸውን ደብተር ሳያርሙ አድረው የማያውቁት እኒህ ሰው ለዚያ ደብዳቤ መልስ ነፈጉ። ወራት ካለፉ በኋላ፣ በባለቤታቸው ዝምታ ተሸንፈው፣ ለልጃቸው «እንመጣለን» ብለው ጻፉላት። ለሙሽራው ግን አንድ ቃል አልጨመሩም።

ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የካማው አባትና የቤተ ዘመዱ ሽማግሌዎች ከሙሽራዪቱ አባት ጋር ለመተዋወቅ ይሰበሰባሉ። ፅጌ በመጨረሻው ደብዳቤዋ፣ «አባባ፣ ዓርብን ብቻ እንዳይቀሩብኝ፤ ከቀሩ አሁንም እንዳልፈቀዱ ይቆጥሩታል» ብላ ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው። ጠዋቱን ከተነሡ፣ የሞያሌ መንገድ ካልከፋባቸው፣ ለዓርብ ቀጠሮ ይደርሳሉ።

«መምህር፣ እንዴት አደሩ! ጉዞው ዛሬ ሆነ?»

ከአጥሩ ወዲያ ብቅ ያለው ጎረቤታቸው ገሜዳ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ የደቡቡን መንገድ አቧራ ከማንም በላይ ቅሟል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገሜዳ። ዛሬ ነው። አዋሳ ለማደር ነው ሐሳባችን።»

«ከሞያሌ ወዲያ በግራ እንደሚነዳ ያውቃሉ አይደል?»

«እኔ በግራ ተምሬ በቀኝ ያረጀሁ ሰው ነኝ!» አሉ መምህር ከበርጩማው ላይ። «የእኛ አገር መንገድ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ወደ ቀኝ ሲዞር መንጃ ፈቃድ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ ነበር! ግራውን እኔ ብረሳው እጄ ያስታውሰዋል።»

«ማስታወሱስ ደግ። ሲደክመው የትኛውን እንደሚያስታውስ ነው እንጂ ጭንቁ» አለ ገሜዳ እየሳቀ። «ኢንሹራንስዎስ? እዚያ ይሠራል?»

«የእኔማ ሦስተኛ ወገን ነው!»

«እሱ ምን ማለት ነው?»

መምህር ከበርጩማው ወረዱ። የቃል ፍቺ ሲጠየቁ ቆመውበት ከነበረው ነገር ሁሉ የመውረድ ልማድ ነበራቸው።

«አማርኛ አይደለም እንዴ? አንደኛ ወገን እኔ፣ ሁለተኛ ወገን ባለቤቴ፣ ሦስተኛ ወገን ልጄ። ቤተ ሰብን ሁሉ ያጠቃልላል ማለት ነው። ፅጌ ናይሮቢ ካለች ዋስትናውም ናይሮቢ ድረስ ይከተለናል።»

ገሜዳ ራሱን አከከ። «እንጃ፣ መምህር። እኔ የማሽከረክረው የድርጅት መኪና ነው፤ የወረቀቱን ነገር እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ብቻ አንድ ጓደኛዬ በዚያ አገር ባለብስክሌት ገጭቶ፣ ወረቀትህ ከሞያሌ ወዲህ አይሠራም ተብሎ ታሰረ። እሱስ ቆይቶ ተፈታ። ሰውዬው ግን የሚያሳክመው አጥቶ እንደ አነከሰ ቀረ አሉ። ሁልጊዜ እሱ ትዝ ይለኛል። መጠየቁ አይከፋም ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ዋጋነሽ የገመዱን ጫፍ ለባላቸው አስጨበጡ። «የፅጌ አባት፣ መንገዳችን በከተማ አይደል? ጠይቅና እንሂድ። ይህን ሰምቼ እስከ ናይሮቢ እያንዳንዱን ብስክሌት ስቆጥር አልሄድም።»

መምህር የመድን ውሉን ከተቀበሉት ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ዘግተውበት ነበር። በገዛ ቋንቋው የሚኮራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱን አንብቦ የቀረውን እንዳወቀው ይቆጥራል።

በቸርችል ጎዳና ካለው የመድን ድርጅት በር ላይ መኪናውን አቁመው፣ ባለቤታቸውን ለሻንጣው ጥበቃ ትተው ገቡ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ወጣት ሰርኬ ትባላለች። ስማቸውን ከውሉ ላይ ስታነብ ፊቷ በራ።

«የኮልፌው መምህር ኃይለ መስቀል? ደመቀ የሚባል ተማሪ አያስታውሱም? ወንድሜ ነው። ‹ሠራ›ን በእሳቱ ሰ ጽፎ ጆሮውን ቆንጥጠውታል። እስከ ዛሬ ያንን ቃል ሊጽፍ ሲል መጀመሪያ ጆሮውን ይዳብሳል።»

«ታዲያ አሁንስ ለየ?»

«ጆሮው ለይቷል፤ እጁ ገና ነው።»

መምህር ሳቁ። ወደ ኬንያ በመኪና እንደሚሄዱ ሲነግሯት ግን እሷ ሳቋን ትታ ውሉን ገለጠች።

«ይህ ውል የሚጸናው በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ውስጥ ብቻ ነው፣ መምህር። ሞያሌ ላይ ያበቃል።»

«ሦስተኛ ወገን እኮ ነው የገባሁት!»

«አዎን፤ ሦስተኛ ወገን ነው።»

«ሦስተኛዋ ወገኔ ደግሞ ያለችው ናይሮቢ ነው! እኔ አንደኛ፣ ባለቤቴ ሁለተኛ፣ ልጄ ሦስተኛ። ወገን ባለበት ሁሉ ሊሠራ አይገባውም?»

ሰርኬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልሳቀችም፤ ላለመሳቅ መጣሯ ግን ከንፈሯ ላይ ይታይ ነበር።

«ሦስተኛው ወገን ልጅዎ አይደለችም። አንደኛው ወገን እርስዎ ነዎት፤ ሁለተኛው እኛ፣ ድርጅቱ። ሦስተኛው ከውሉ ውጭ ያለ ሰው ነው። መኪናዎ ድንገት የሚጎዳው መንገደኛ፣ ባለብስክሌት፣ ስሙን እንኳ የማያውቁት ሰው።»

«ባዳ?»

«ባዳ ማለት ይቻላል።»

«ባዳውን ወገን ብሎ የተረጎመው ማን ነው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። ሥራ ስገባም እንዲሁ ተጽፎ ነው ያገኘሁት።»

«እኛ ራሳችን ብንጎዳስ?»

«ያ ሌላ ዓይነት ውል ነው። ይህኛው ለእርስዎም ለባለቤትዎም ምንም አያደርግም። ለዚያ ሰው ብቻ ነው።»

መምህር ውሉን ወደ ራሳቸው አዙረው አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ «እኔ፣ አንተ፣ እርሱ» እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል። «እርሱ» የሩቁ ሰው መጠሪያ እንደሆነ፣ ሲያወሩ አጠገብ የሌለ፣ መልስ ሊሰጥ የማይችል ሰው እንደሆነ ስንት ትውልድ አስተምረዋል። ያ ሩቅ ሰው እዚህ ወረቀት ላይ ወገን ተብሎ ተጽፏል። ተርጓሚው ስቶ ይሁን አውቆ ሊለዩት አልቻሉም፤ ሊያርሙትም እጃቸው አልተነሣም።

«ለኬንያ እንዲጸና ማድረግ ይቻላል» አለች ሰርኬ ድምፅዋን ለዘብ አድርጋ። «ወረቀቱን አሁኑኑ አዘጋጃለሁ። የሚፈርሙት ሥራ አስኪያጅ ግን ናዝሬት ናቸው፤ የሚመለሱት ነገ ጠዋት ነው።»

«ዛሬ ካልተነሣሁ ዓርብ አልደርስም፣ ልጄ።»

«ኬላው ላይ ዋስትና የሚሸጥ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ላረጋግጥልዎ አልችልም።» ጥቂት አመነታች። «እውነቱን ልንገርዎት፤ ውሉን ሳያስቀጥል የሚሄድ ብዙ ነው። አብዛኛውም ምንም ሳይሆን ይመለሳል።»

መምህር ተነሡ። «አዘጋጂው። መጥቼ እነግርሻለሁ» ብለው ወጡ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ በመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ይጠብቁ ነበር። መምህር ገብተው ተቀመጡ፤ ሞተሩን ግን አላስነሡም። ሁሉንም በሰሙት ቅደም ተከተል ነገሯቸው። ስለ ሦስተኛ ወገን ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እና እኔ ሁለተኛ ወገን አይደለሁማ?» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ።

«አይደለሽም። ድርጅቱ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ከድርጅት ጋር ተጋብተህ ኖረሃላ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። «ዓርብስ ታዲያ?»

«እሱን ነው የማስበው። ከሄድን እንደርሳለን። ልጅቷም ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ይመለሳል አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

መምህር መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሲደክመው የትኛውን እንደሚያስታውስ ማረጋገጫ የሌለው እጃቸውን ተመለከቱት። ከሞያሌ ወዲያ ባለው አቧራማ መንገድ፣ በማይጠብቁት ወገን፣ በብስክሌት የሚመጣ አንድ ሰው በዓይነ ኅሊናቸው መጣባቸው። ፊት አልነበረውም። ሊያበጁለት ሲሞክሩ የካማውን ፊት፣ ፅጌ በላከችው ፎቶግራፍ ላይ በጨረፍታ አይተው መሳቢያ የከተቱትን ፊት ሰጡት።

«ዋጌ፣ ዓርብ ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጬ ‹ተዛምደናል› ልል ነው። እስከዚያ ድረስ ግን በመንገዳቸው ላይ ለማገኘው ሰው ሁሉ ‹ብጎዳህ አላውቅህም› እያልኩ ልነዳ ነው? በዚህ አኳኋን ዓርብ ብደርስ መድረሴ ምንድን ነው?»

 የልጃቸው ዓርብ ነውና ወይዘሮ ዋጋነሽን ከበዳቸው። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ቆዩ።

«ክፉው ቀርተን ዝም ማለታችን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዝምታችንን ጠግበውታል። ምክንያቱን ነግሮ የዘገየ ሰው ግን ይጠበቃል። ነገ ጠዋት ከተነሣን ዓርብ ሌሊትም ቢሆን እንገባለን፤ ሠርጉ አያመልጠንም።»

«እንግዲያውስ ለፅጌ ቴሌግራም ልላክላት።»

«ለፅጌ?» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ ዓይናቸውን ከፊት ለፊት ካለው ቁልቁለት ሳይነቅሉ። «ሽማግሌዎቹን የሚሰበስበው ማን ነው? የሚያፍረውስ ማን ነው? ደብዳቤ ጽፎ መልስ ያጣውስ?»

መምህር ኃይለ መስቀል ከመኪናው ወረዱ። ተመልሰው ለሰርኬ ወረቀቱን ነገ ጠዋት እንደሚወስዱት ነገሯት፤ ሰርኬም የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ በላይ እንደምታስቀምጠው ቃል ገባችላቸው። ወደ ቴሌ ሲያቀኑ ባለቤታቸው ከኋላ ተጣሩ።

«የፅጌ አባት! ዛሬ ከዋልን መርካቶ ወርጄ ለልጁ አንድ ጋቢ እገዛለሁ። ማንን እንደምል ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል። ጥሩውን ግዢ።»

«ገመዱን ግን እንዳትፈታው! መዳፌ ሌላ ዙር አይችልም።»

ቴሌግራም የሚከፈልበት በቃል ልክ ነው። መምህር በዚህ ረገድ ብልህ ነበሩ፤ የማያስፈልግ ቃል በሌላው ጽሑፍ ላይ ሲያዩ በቀይ ቀለም የሚሰርዙ ሰው ናቸውና። በእንግሊዝኛ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «ለካማው። የመኪናው ዋስትና ለአገርህ ሰው አልደረሰም። አስተካክለን ዓርብ ሌሊት እንገባለን። አባትህ ይቅር ይበሉን። ኃይለ መስቀል።»

ወጣቱ ጸሐፊ ቃላቱን በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ቆጠረና ሒሳቡን ሊነግራቸው ቀና አለ።

«ቆይ አንድ ጊዜ» አሉ መምህር፤ ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉት። ከካማው ስም በፊት ጥቂት ባዶ ቦታ ነበረች። እጃቸው እዚያች ቦታ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ «ልጄ» የሚለውን ጨመሩበት።

ጸሐፊው አነበበው። «አባባ፣ ይህ ባይኖርም መልእክቱ ይገባል እኮ። ያለ ጥቅም ያስከፍልዎታል።»

መምህር ኃይለ መስቀል ቦርሳቸውን አወጡ።

«ይኑር» አሉ።