ውሸታም መብራት

"ይሄኛውማ ውሸታም ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። ከቦርሳዋ ያወጣችውን ቁራጭ ነጭ ጨርቅ መብራቱ ስር ዘርግታ ታገላብጠዋለች። "ነጩን ሰማያዊ አደረገው እኮ! ሌላ አሳየኝ ልጄ።"

ባለሱቁ ፈገግ አለ። የዓሣ ገንዳ መብራት ሊገዛ መጥቶ ጨርቅ የሚያወጣ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። እሷ ግን ዕድሜዋን ሁሉ መብራትን የምትመዝነው በዚሁ ነው። የጨርቁን ቀለም እንዳለ የሚያሳይ መብራት ታማኝ ነው፤ ሌላው ሌባ ነው። የጨርቅ ነጋዴዎች በሱቅ መብራት ስንቱን ቡኒ ጥቁር ነው ብለው ሊሸጡላት ሞክረዋል! እሷ እቴ፣ ጣቃውን ደጅ አውጥታ ፀሐይ ላይ ካላየችው አትገዛም።

ቤቷ ውስጥ ጉድ ያፈላው ይኸው ጥንቃቄዋ ነው። ባሏ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመርከብ ሆድ የሚጠግን ጠላቂ ነበር። ከባሕር ከተለየ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ የጨው ውሃ ገንዳ ሠርቶ ኮራል ማርባት ጀመረ፤ ኮራሎቹ ድንጋይ ይምሰሉ እንጂ ነፍስ ያላቸው፣ የሚያድጉ ፍጥረታት ናቸው። ዘንድሮ ስትሮክ ግማሽ ጎኑንና ምላሱን ሲይዝበት አልጋውን ገንዳው ፊት ዘረጋችለት። የቀረችለት ደስታ ያቺ ገንዳ ብቻ ነበረች። ከዚያ የገንዳው መብራት ተቃጠለ። እሷም ብርሃን ሲበዛ ሕይወት የሚበዛ መስሏት፣ የምትሰፋበትን ደማቅ ነጭ መብራት ነቅላ ሰቀለችለት። ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች። ኮራሎቹ ተኮማተሩ፤ ውለው አድረውም እንደ አጥንት ነጡ። ባሏ ይህን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ስታቀርብለት ጥርሱን ይነክሳል። እንዳይሞትባት ፈርታለች።

"እንግዲህ ሞተዋል ማለት ነው?" አለች፣ ይህን ሁሉ ለባለሱቁ ከነገረችው በኋላ።

"የነጣ ሁሉ አልሞተም፣ እናቴ። የእርስዎ ነጭ መብራት ግን አቃጥሏቸዋል። ባሕር ውስጥ ቀዩ ብርሃን ከላይ ይቀራል፤ ታች የሚደርሰው ሰማያዊው ነው። እነሱም የሚስማማቸው እሱ ነው። ይሄንኑ ሰማያዊውን ይውሰዱና መጀመሪያ አደብዝዘው ያብሩት። ከዚያ ቀስ እያሉ ከፍ ያደርጉታል።"

"እንዲህ ባለ ብርሃን ሰው እንዴት ይኖራል?"

"ካልወደዱት ይመልሱልኝ። ካርቶኑን ብቻ እንዳይጎዱብኝ።"

ካርቶኑን እንደ ዕንቁላል አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ወንበር ላይ ወጥታ መብራቱን ራሷ ሰቀለችው። መጋረጃውን ዘግታ አደብዝዛ አበራችው። ዘወር ስትል ዓይኗ ባሏ ላይ ወደቀ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጉንጩ የሬሳ ጉንጭ መስሏል።

"ወይኔ ጉዴ! ምን አስመሰልኩት!"

ነገ በጠዋት እመልሰዋለሁ ብላ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ ያለውን ቀይ ክር አየችው። ጥቁር ሆኗል።

በወጣትነታቸው መሣሪያውን የሚይዝበት ቀይ ከረጢት ሰፍታለት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ "ያ ቀይ ከረጢትሽ ታች ስወርድ ጥቁር ነው" ቢላት፣ ስፌቷን ያጣጣለባት መሰላት። "የኔ ጨርቅ ቀለም አይለቅም!" ብላ አኮረፈች። እሱ ይምላል፣ እሷ ታሾፋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር "የኔ ውሸታም" እያለች ስታስቅበት ኖራለች። ውሃ ስለምትፈራ አንድ ቀን እንኳ አብራው ወርዳ አላየችም።

ክሩን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አንተ፣ እስቲ ዞር በልና እየው። ጥቁር ነው። ለካ እውነትህን ነበር።"

ጭንቅላቱ ትራሱ ላይ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ ክሩን አየ፤ ከክሩ አልፎም ገንዳው ላይ አረፈ። በነጣው ኮራል ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ያልሞተች ቁራጭ አረንጓዴ ታበራለች። በነጩ መብራት ጭራሽ አትታይም ነበር። ደህናውን እጁን አንስቶ ወደ አረንጓዴዋ ቁራጭ ጠቆመ።

"አል... አልኩሽ" አለ።

ከታመመ ወዲህ ጥርት ብሎ የወጣለት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣባት።

"አዎ፣ ብለኸኛል። ግትሯ እኔ ነኝ።"

ሾርባውን አሙቃ አመጣች። ዓይኑን ከገንዳው ሳይነቅል አፉን ከፈተላት። ፊቱ አሁንም የሬሳ መልክ አለው፤ እሷንም አሁንም ያስፈራታል። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ግን አጎረሰችው።

ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለደንበኛዋ ቀሚስ የእጅጌ ንድፍ ማውጣት ነበረባት፤ ለንድፍ ደግሞ ጠንካራ ካርቶን ያስፈልጋል። የመብራቱ ካርቶን ምንም ሳይነካው በሩ አጠገብ ቆሟል። አንስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ በጠመኔ የእጅጌውን ቅርፅ አሰመረችበት፣ መቀሷንም አንስታ መቁረጥ ጀመረች።