የልብስ ሰፊው ኮምጣጣ እንጆሪ

ልብስ ሰፊው ሃያ ዓመት የሰው ወገብ ሲለካ የራሱን አንድም ቀን ለክቶ አያውቅም። ሱሪው ሲጠበው ሰው ሳያየው የኋላ ስፌቱን ይተረትርና ትርፍ ጨርቁን ይለቃል። ትርፉ ያለቀ ዕለት ግን ጉዱ ወጣ። ሚስቱ፣ «ሆድ ካገር ይሰፋል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር» አለችና እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ፣ «ጉበትዎ ላይ ስብ ተጠራቅሟል፤ ክብደት ይቀንሱ» አለው። መድኃኒት አላዘዘለትም። ይሄ በጣም ቅር አሰኘው።

እሑድ ምሳ ላይ የሚስቱ ታናሽ እህት መጣች። ሥራዋ ላቦራቶሪ ውስጥ አይጦችን መመገብ ነው። «እኛ ጋ የተብላላ እንጆሪ የሚበሉት ወፍራም አይጦች የጉበታቸው ስብ ቀነሰ። ግን ጋሼ፣ በሰው ገና አልተሞከረም» አለች።

ጋሼ የኋለኛውን እንዳልሰማ ሆነ።

በማግስቱ ሁለት ኪሎ እንጆሪ ገዛ። ከጨውና ከውኃ ጋር አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠው። በአምስተኛው ቀን አረፋ ደፈቀ። ሚስቱ በዚያ ባለፈች ቁጥር፣ «ጉድ ፈላ!» ትላለች። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ዳቦው ላይ ደልደል አድርጎ እየቀባ ይበላ ጀመር።

በወሩ ሲመዘን ሁለት ኪሎ ጨምሯል።

የሚስቱ እህት ጠርሙሱን ከፍታ በማንኪያ ቀመሰች። «ጋሼ! ማር ጨምረውበታል?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለ። ከዚያ ዓይኗን ማየት አቃተው። «ትንሽ ነው... አይጦቹስ ጣፋጭ አይወዱም?»

«ነፍሳቸው ነው። ግን ጓዳውን የምቆልፈው እኔ ነኝ።»

ሚስቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ፣ «ወንድሜን የገደለው ጉበት ነው። ፈርቼ ነው» አለ። ሚስቱ ተነስታ የማሩን ዕቃ ወሰደችና ለጎረቤታቸው ለጸጉር አስተካካዩ ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ እንጆሪውን እንደኮመጠጠ፣ በቀን አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ፊቱን እያጨማደደ ይውጥ ጀመር። ዳቦውን በግማሽ ቀነሰ። የተሰፋውን ልብስም በየደንበኛው ቤት በእግሩ እየዞረ ያደርሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ያርፍ ነበር። አንዷ ደንበኛ ሲያለከልክ ሰምታ፣ «ቀሚሴን ነው ያመጡት ወይስ ቁም ሣጥኑን?» ብላዋለች።

በአምስተኛው ወር ሰባት ኪሎ ቀነሰ። ሐኪሙም ጉበቱን ደግሞ አየና፣ «ስቡ በደንብ ቀንሷል» አለ።

«እንጆሪው ነዋ!»

«እንጆሪው ይሁን እግርዎ፣ ወይ ዳቦው፣ እኔ አላውቅም። ብቻ አንዱንም እንዳይተዉ።»

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሲነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ክንዱን ይዛ፣ «በል እንግዲህ፣ ገና ብዙ ዓመት ልትነዘንዘኝ ነው ማለት ነው» አለችው።