የእህቷ መስመር

በመሥሪያ ቤቱ የደብዳቤ አራሚዋን «አራት ነጥብ» ይሏታል፤ እሷ ብቅ ካለች ጨዋታው እዚያው ያበቃልና። ስሙን ታውቀዋለች፤ ደስም ይላታል። የአጻጻፍ መመሪያውን ያረቀቀችው ራሷ ናት፦ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ፣ አንቀጽ በስንት መስመር እንደሚያልቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደማቅ ፊደል ለጉዳዩ ርዕስና ለቀነ ገደብ ብቻ እንደሚፈቀድ። ይህን የጣሰ ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ኮሪደሩ ላይ ይለጠፋል፣ ከነጸሐፊው ስም። ሰው እየሳቀ ያነባል፤ ባለቤቱ ሳምንት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይሰነብታል።

ሰው ለደማቅ ፊደል የሚሟሟተው ወዶ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ የደመቀውን ብቻ አይተው ይፈርማሉ። ይህን ከዘበኛው ጀምሮ የማያውቅ የለም፤ አራሚዋም አሳምራ ታውቃለች።

ስምንት ሠራተኞች ሊቀነሱ ሲወሰን ከስምንቱ አንዷ መዝገብ ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ሆነች። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ናት። ማመልከቻ ጻፈች፤ ማመልከቻ ሁሉ በአራሚዋ እጅ ስለሚያልፍ ራሷ ይዛው ገባች። ከታች አንዲት መስመር ደምቃለች፦ «ከምሰናበት ወደ ማንኛውም ክፍል ብዛወር እሠራለሁ።»

«እትዬ፣ ይቺን አትንኪብኝ» አለች።

«መመሪያው ለሁሉም አንድ ነው።»

«እኔና ሌላው ሰው አንድ ነን?»

አራሚዋ ቀና ስትል ከማዶ ጠረጴዛ ያለችው የቢሮው ጸሐፊ መተየቧን አቁማ ጆሮዋን ጥላለች። ባለፈው ወር ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈው የዚህችው ጸሐፊ ደብዳቤ ነበር። አራሚዋ ዛሬ ለእህቷ ብታሳልፍ ነገ «ሕጓ ለባዳ ብቻ ነው» መባሏ አይቀርም፤ ይህን ከምትሰማ ሞቷን ትመርጣለች።

«ልጆቹ እኮ አክስት አለችን ይላሉ» አለች እህቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ቤት አክስታቸው ነኝ። እዚህ አራሚ ነኝ።»

ማመልከቻውን ዳግም ተይባ መስመሯን አደበዘዘቻት። ያም አልበቃትም፤ የመጀመሪያውን ቅጂ በቀይ አዥጎርጉራ ኮሪደሩ ላይ ለጠፈችው። የዚያን ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን እንደ አክብሮት ቆጠረችው። ሥራ አስኪያጁም «ማመልከቻ ስለማቅረብ» የምትለውን ርዕስ አይተው «ከማኅደሩ ይያያዝ» ብለው መሩበት።

የስንብት ደብዳቤዎቹ ለፊርማ የቀረቡ ዕለት አስጠሯት።

«ስሚ እስቲ፣ እንግዳ መቀበያው ክፍት ነው። ከነዚህ ውስጥ አዛውሩኝ ያለ የለም? ሜዳ ላይ ከምንበትናቸው አንዱን እንኳ ባስቀር።»

እስክሪብቶው በእጃቸው ነው፤ አልፈረሙም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፏን ከፈተች። ወዲያው «እህቷን ሰገሰገች» ሲባል፣ ጸሐፊዋም በእሷ ስትስቅ ታያት። ከራስ በላይ ነፋስ።

«የለም፣ ጌታዬ» አለች።

«ያሳዝናል» አሉና ስምንቱንም ፈረሙ። «እንግዲያው ከውጭ እንቅጠር። ማስታወቂያውን አዘጋጂ።»

በማግስቱ ጠዋት ተየበችው። «ክፍት የሥራ ቦታ፦ እንግዳ ተቀባይ» የሚለውን አደመቀች፤ ርዕስ ስለሆነ ይፈቀዳል። እህቷ ዕቃዋን በካርቶን ታቅፋ ስታልፍ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ሰውዬው ስለ እኔ ምንም አላሉም?»

«ምንም» አለቻት፣ ዐይኗን ከጽሑፉ ሳታነሳ።